ምርቃት የሌለው ጥቅል

እትዬ ሽቦ ከሰው ጋር የሚጣሉት በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የመዳብ ሽቦ በእርጥብ እጅ ሲነካባቸው፣ ሌላው ደግሞ «ባለሙያው የታለ?» ሲባሉ። ሁለተኛውን የሚጠይቅ ሰው አሁን አሁን ቀንሷል። በጎማ ጠጋኙና በመድኃኒት ቤቱ መካከል የተሸጎጠችው ጠባብ ሱቅ የማን እንደሆነች የማያውቅ ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ መሆን አለበት። ቢሆንም የተቃጠለ ሞተር በትከሻው ተሸክሞ የሚገባ፣ ዐይኑን በእሳቸው ላይ አሳልፎ ከኋላ ያለውን ክፍል የሚያማትር ወንድ አልፎ አልፎ አይጠፋም። «እናት፣ ባለሙያው የታለ?» ይላል። እሳቸውም መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ «ፊትህ ተቀምጧል፤ ሞተሩን አውርድና ወገብህን አሳርፍ» ይሉታል።

«ሽቦ» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላቸው በእርግጥ አይታወቅም። እሳቸው ጎማ ጠጋኙን ይጠረጥራሉ። ጎማ ጠጋኙ ደግሞ «እኔ ምን በወጣኝ!» እያለ ይምላል። ስሙ ግን ልክክ አለባቸው። ቀጭን ናቸው፣ ሲይዟቸው ይታጠፋሉ፣ ሲለቋቸው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ሙያውን የወረሱት ከባላቸው ነው። ባላቸው በወጣትነቱ ስለሞተ አንቱታ ሳይደርስበት ቀርቷል፤ በቤቱ እስካሁን «እሱ» ነው የሚባለው። ጎበዝ ሞተር ጠምጣሚ ነበር። የተቃጠለውን ጥቅል ከሞተሩ ሆድ ጎትቶ ያወጣል፣ አዲስ የመዳብ ሽቦ ፎርማ በሚሉት የቅርጽ መያዣ ላይ ይጠመጥማል፣ ወደ ቦታው መልሶ ቫርኒሽ ያጠጣዋል፤ ሞቶ የነበረው ሞተር ተነሥቶ ይዞራል። ዐይኑ ገና በወጣትነቱ መድከም ሲጀምር እትዬ አጠገቡ እየተቀመጡ ዙሩን ይቆጥሩለት ጀመር። «በቃ፣ ሞላ» ሲሉት ግን እጁ አይቆምም፤ ሁለት ዙር ይጨምራል። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁት፣ «ምርቃት ነዋ! ሽንኩርት የምትሸጥልሽ ሴት እንኳ አንድ ራስ ጣል ታደርግልሽ የለም ወይ?» ብሎ ሳቀባቸው።

እሱ ሲሞት ልጃቸው ገና ፊደል አልለየም ነበር። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ «መሣሪያውን ሽጪና ልጅሽን አሳድጊበት» አላቸው። እትዬ «እሺ» አሉና በማግሥቱ ሱቁን ከፈቱ። የመጀመሪያውን ሞተር ራሳቸው አቃጠሉት፤ ሁለተኛው ጮኸ እንጂ አልዞረም፤ ሦስተኛው ዞረ። ልጃቸውን በዚያ ሞተርና ከዚያ በኋላ በመጡት ሁሉ አሳደጉ፣ አስተማሩ፣ ዳሩ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሁለቷን ዙር አንድም ቀን አላስቀሩም። ከእሱ የቀረችኝ ይህቺ ናት ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ዘመኑ ግን ዞረ። ርካሽ የውኃ ፓምፕ ገበያውን ሞላውና ሰው የተቃጠለውን ከማስጠምጠም ጥሎ አዲስ መግዛት ያዘ። ሞተር ተደራርቦበት የነበረው መደርደሪያ ላይ የጎማ ጠጋኙ ድመት መተኛት ጀመረች። ይህን ጊዜ ነው በትልቁ ከተማ የሚኖረው ልጃቸው የበረታባቸው። ክፍል አዘጋጅቶላቸዋል፤ መጋረጃ ሳይቀር ሰቅሏል። «እማዬ፣ እስከ መቼ ነው ከቫርኒሽ ጋር የምትኖሪው? ነይና ከልጅ ልጆችሽ ጋር ተጫወቺ» ይላቸዋል በስልክ። እትዬ የልጅ ልጆቻቸውን እንደ ነፍሳቸው ይወዳሉ። ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሶፋ ላይ ተጎልተው እጃቸውን አጣጥፈው ሲያስቡት ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሆኖም እልኸኛ እንጂ ሞኝ አይደሉም። «እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሥራ ካልመጣ ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ» ብለው ቃላቸውን ሰጡት። ቃላቸውን ደግሞ አያጥፉም።

ሦስቱ ማኅበራት የተስማሙት በዚሁ ዓመት ነው።

በዚያ አካባቢ ሦስት ግብረ ሰናይ ማኅበራት አሉ፤ አንዱ ለገጠሩ ውኃ ያወጣል፣ አንዱ ሴቶችን ያደራጃል፣ አንዱ ወጣቶችን ሙያ ያስተምራል። ሦስቱም ከጅረት በሚገኝ መብራት መንደሮቹን ለማብራት ተነሥተው ነበር። ሦስቱም ደግ ልብ አላቸው፤ ግን ለየብቻ። የውኃ ማኅበሩ ከአንድ አገር ማሽን አስመጣ፤ የሴቶች ማኅበሩ እንዳያንስ ከሌላ አገር አስመጣ፤ የአንዱ ብሎን ለሌላው አይገባም፤ የአንዱ ሶኬት የሌላውን አያውቀውም። ሲበላሽ መለዋወጫው ባሕር ተሻግሮ እስኪመጣ ሰው ወደ ኩራዙ ይመለሳል። ሙያ አስተማሪው ማኅበር በበኩሉ ጠጋኝ የሚሆኑ ወጣቶች አሠልጥኖ አስመርቋል፤ የሚጠግኑበት ዕቃ ግን የለም። ከሁሉ ደኅና ሆኖ የሚቆመው የማኅበራቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነበር፤ እሱ ተበላሽቶ አያውቅም።

በመጨረሻ የሦስቱም ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት «የማን ዓርማ ይቅደም?» በሚለው አለቀ። ከሰዓት በኋላ አንድ ብልህ ሰው ዓርማዎቹ በክብ ይታተሙ አለና ተገላገሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ቁም ነገሩ ገቡ፤ ማሽኑን ለምን እዚሁ አንሠራውም? ሽቦ ጠምጣሚ አለ፣ አናጢ አለ፣ ብረት ሠሪ አለ፣ የሠለጠነ ወጣት አለ። የጎደለው አንድ ንድፍና የሚያገናኛቸው ሰው ነው። ንድፉን አዘጋጁ፤ ደመወዟንም ለሦስት ተጋርተው አንዲት ወጣት መሐንዲስ አስተባባሪ አድርገው ቀጠሩ።

አስተባባሪዋ ወደ እትዬ ሽቦ ሱቅ የገባች ዕለት «ባለሙያው የታለ?» አላለችም። ቀጥ ብላ መጥታ፣ «እትዬ፣ እርስዎን ፈልጌ ነው» አለች። በዚህችው ቃል ግማሹን ሥራ ጨረሰች።

ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አሳየቻቸው። የጅረት ውኃ መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩ ሁለት ማግኔት የተለጠፈባቸው ሳህኖች ያዞራል፤ በሁለቱ ሳህኖች መካከል ጥቅሎች ሬዚን በሚባል እንደ ድንጋይ በሚደርቅ ሙጫ የተጋገሩበት ዲስክ ሳይነቃነቅ ይቀመጣል። መብራቱ ከዚያ ይወጣል። ሥራው ለሦስት ከተማ ተከፍሏል፤ ክፈፉና መዘውሩ በሦስተኛው ይሠራል፤ ዲስኩ ግን ሥራው ብዙ ስለሆነ ለሁለት ሱቅ ይከፈላል።

«አንዱ የርስዎ ነው» አለች አስተባባሪዋ። «ሌላው ከወንዙ በታች ያለው ከተማ፣ በራው የሚሉት...»

የእትዬ ፊት ጠቆረ። በራው በወጣትነቱ፣ ገና ጸጉር ሳለው፣ እሳቸው ዘንድ ሥራ የተማረ ነው። ለምዶ ሲያበቃ ወጣና የራሱን ሱቅ ከፈተ፤ ደንበኞቻቸውም ግማሾቹ ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ናቸው።

«ከሱ ጋር? ሽቦ አያያዝ ያስተማርኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ከርስዎ ከተማረ ሥራችሁ ይገጥማላ» አለች ልጅቷ።

«ነገሩ አንድ ነው» ብላ ቀጠለች። «የየትኛውም ከተማ ዕቃ ከየትኛውም ከተማ ዕቃ ጋር መግጠም አለበት። የሦስቱ ማኅበራት ቦርዶች በተሰበሰቡበት ከየከተማው የመጣውን አደባልቀን እንሞክራለን። ከገጠመ ትእዛዙ የእናንተ ነው፤ ለዓመታት የሚሆን ሥራ ነው። ካልገጠመ ግን ያለቀለትን ማሽን ከውጭ ያስመጣሉ። እሱን ተነጋግረው ጨርሰዋል።»

«ይሄ ለኔ ምኔ ነው?» አሉ እትዬ፤ የሚያስፈራቸው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ድመቷን ከመደርደሪያው አውርደው ሥራ ጀመሩ።

አስተባባሪዋ ተመልሳ ስትመጣ ከሦስተኛው ከተማ የመጣ ክፈፍና ማግኔቶቹን፣ ከበራው ሱቅ ደግሞ አንድ ዲስክ ይዛ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ እዚያው ሱቁ በር ላይ፣ ጎማ ጠጋኙ በተመልካችነት በተገኘበት ተደረገ። የበራውን ዲስክ ገጠመችውና ሳህኖቹን በእጇ አዞረች። ክርርር አለ፤ ዲስኩ ወፍሮ ማግኔቱ ይገጨዋል።

«አላልኩሽም?» አሉ እትዬ፤ ደስታቸውን ለመደበቅ እንኳ አልሞከሩም። «ያ ሰውዬ ዱሮም እጁ ወፍራም ነው። በይ የኔን አስገቢው።»

የእሳቸውን አስገባች። ክርር አለ። ከበራው ቀለል ያለ ነው፤ ግን ያው ክርር ነው። ጎማ ጠጋኙ ጎሮሮውን ጠረገና ወደ ጎማው ሄደ።

አስተባባሪዋ መለኪያዋን አወጣች። «እትዬ፣ የርስዎም ወፍሯል። ንድፉ ላይ ካለው ዙር ጨምረዋል እንዴ?»

«አዎ፤ ሁለት ሁለት።»

«ለምን?»

«ለምርቃት ነዋ!» አሉ፤ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ ገርሟቸው።

ልጅቷ ትንሽ አየቻቸውና ስልኳን አውጥታ ለበራው ደወለች፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ «ስንት ዙር ነው የጨመርከው?» አለችው። «አራት» አለ በራው። «ምርቃት ነው። ምነው፣ አነሰ?»

«አራት!» ብለው ጮኹ እትዬ። «ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ እሱ ለጋስ የሆነው?»

አስተባባሪዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ለሦስተኛው ከተማ አናጢም ደወለች፤ እሱም የመዘውሩን ጣውላ እንዲበረክት ብሎ ጣት ያህል አወፍሮታል። ሦስት ከተማ፣ ሦስት ለጋስ፣ አንድም የሚዞር ማሽን የለም። ሳቋ ሲበርድ ግን ፊቷ ተለወጠ። «እትዬ፣ እንዲህ ሆኖ ቦርዱ ፊት ከቀረበ አለቀልን። ሁለቷ ዙር መቅረት አለባት።»

«አትቀርም።»

«እትዬ...»

«ሰስቼ አልሠራም ልጄ። ሽቦው ከኪሴ ነው፣ ድካሙ የኔ ነው፤ ለሰው ስጨምርለት ማን ተጎዳ?»

ልጅቷ አልተከራከረችም። ዕቃዋን እየሰበሰበች፣ «ነገ አንድ ቦታ አብረውኝ ይሄዳሉ?» ብቻ አለች።

የሄዱት ዳገት ላይ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። የውኃ ማኅበሩ ባለፈው ዓመት ለሙከራ እዚሁ አሠርቶ ያቆመው ጀነሬተር እዚያ አለ፤ ጥቅሎቹን የጠመጠሙት እትዬ ራሳቸው ናቸው፤ ከወንዙ ውኃ የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው በእሱ ነው። ነርሷ ማንነታቸውን ስትሰማ አቅፋ ሳመቻቸው። «እትዬ ሽቦ ማለት እርስዎ ነዎት? ካለርስዎ እኮ እሱን ማሽን የሚደፍረው የለም!» አለች። እትዬ ደረታቸው ነፋ አለ። አስተባባሪዋን «ሰማሽ?» በሚል ዐይን አዩዋት።

ነርሷ ቀጠለች። «ባለፈው አንዱ ጥቅል ተቃጥሎ ጊዜ በራው የሚሉት ሰውዬ በዕለቱ ደርሶልን ነበር። አንዱን ቀይሮ አስነሣው። ግን ከሌሎቹ ጋር አልተስማማም መሰለኝ፤ ጋለና ጭራሽ ባሰበት። እርስዎ ደግሞ ወገብዎን ታመው ተኝተዋል አሉን። ምን እናድርግ፣ እስኪሻልዎ ጠበቅንዎት።»

«ውኃውስ?» አሉ እትዬ።

«ከወንዝ ነዋ። የጽዳት ሠራተኞቻችን በጀርባቸው ዳገቱን እየወጡ ያመላልሱ ነበር። ለመውለድ የምትመጣዋንም ውኃ ይዛችሁ ኑ እንላለን። ወር ከምናምን ብቻ ነው» አለች ነርሷ፤ ቅሬታም የላት፤ እንደ ተራ ወሬ ነው የነገረቻቸው። «እርስዎ ከመጡ ወዲህ ግን እንዴት ያለ ሆነ መሰለዎት!»

እትዬ ያን ወር ያስታውሱታል። አልጋቸው ላይ ተኝተው፣ ጤና ጣቢያው እየጠበቃቸው መሆኑን ሲሰሙ ሕመማቸው ቀለል ብሎላቸው ነበር። «ካለኔ አይሆንላቸውም» ብለው ተደስተዋል። አሁን ዳገቱን ቁልቁል ሲያዩ አፈሩ። ያቺን ሁለት ዙር የሚሰጧት ሰው እንዲጠቀም ነበር፤ ለካ የእሳቸው ጥቅል ከሌላ ሰው ጥቅል ጋር እንዳይስማማ አድርጋ ሰዉን ሁሉ የእሳቸው በር ላይ አስራ አስቀርታዋለች። ሱቃቸው ሲደርሱ ከመኪናው ሳይወርዱ፣ «የበራው ሱቅ በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁ።

የበራው ሱቅ መነኸሪያው ጀርባ ነው። እትዬ ከሚኒባስ ወርደው በሩ ላይ ሲቆሙ መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«እትዬ!»

«ቁጭ በል። ልጣላህ አይደለም የመጣሁት፤ ዛሬ እንኳ።» ወንበር ሳይሰጣቸው ተቀመጡና ዙሪያውን አዩ። ሱቁ ንጹሕ ነው፤ ሽቦው በየውፍረቱ ተለይቶ ተሰቅሏል፤ ልክ እሳቸው እንደሚሰቅሉት። «አራት ዙር ምን ያደርግልሃል፣ አንተ?»

በራው ራሱን ዳበሰ። «እርስዎ ሁለት ይጨምሩ የለ? ታዲያ ደንበኛው ወደኔ እንዲመጣ በምን ልብለጥዎ?»

እትዬ ሳቁ። ሊቆጡ ነበር፤ ሳቁ ቀደማቸው። እሱም ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላ ሁለቱም ዐይናቸውን ጠራረጉ፤ ስለ ድሮው ነገር ግን አንድም ቃል አልተነጋገሩም። የጤና ጣቢያውን ነገር ነገሩት። በራው አንገቱን ደፋ። «ያን ጊዜ እኔም ደንግጬ ነበር። ጥቅሌ ደኅና ነው፣ የርስዎም ደኅና ነው፤ አብረው ሲሆኑ ግን ተቃጠሉ። ለማን ይነገራል?»

ችግሩ እጅ ነው። ሁለቱም ምርቃቱን እንተወው ብለው ተስማምተው ሊጠመጥሙ ሲቀመጡ፣ ቆጥረው ሲጨርሱ እጃቸው በራሱ ይቀጥላል። በራው ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቴም ሳያስበው ጨመረ። እትዬም ከእሱ አልተሻሉም። ስለዚህ ከእጃቸው ጋር ከመታገል ፎርማውን ቀየሩት። የሚጠመጠምበትን ግራና ቀኝ በብረት ሳህን አጠሩት፤ ጥልቀቱም ልክ ንድፉ ያለውን ዙር የሚይዝ እንዲሆን ሠሩት። የመጨረሻው ዙር ሲያርፍ ሽቦው ከጠርዙ ጋር ትክክል ይሆናል፤ አንድ ቢጨምሩ ተንሸራቶ ይወድቃል። በራው ቆረጠ፣ እትዬ ሞረዱ፣ አስተባባሪዋ መጥታ ለካች፣ አልሆነም አለች፣ እንደገና ሠሩ። ሲጨርሱ ሁለት አንድ ዓይነት ፎርማ ወጣ፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለእሳቸው። ሐሳቡ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ።

እትዬ ወደ ሱቃቸው ተመልሰው የመጀመሪያውን ጥቅል በአዲሱ ፎርማ ጠመጠሙ። ሞላ። እጃቸው እንደ ልማዱ ቀጠለ፤ ሽቦው ተንሸራተተና ጭናቸው ላይ ወደቀ። መልሰው አነሡት፣ ቆረጡት፣ ጫፉን አሰሩት። ከዚያ በሩን ገርበብ አደረጉና አለቀሱ። ባላቸውን ሁለተኛ ጊዜ የቀበሩት መስሏቸው ነበር። ሲበቃቸው ፊታቸውን ታጥበው፣ በሩን ከፍተው ሁለተኛውን ጀመሩ። እሱ ቢሆን ኖሮ ውኃ የምትሸከመዋን ሴት አይቶ ምን ይል እንደነበር ያውቃሉ፤ ደግ ሰው ነበር።

የሙከራው ቀን ደረሰ። ቦታው የሙያ አስተማሪው ማኅበር ትልቁ አዳራሽ ነው። የሦስቱ ቦርዶች ሰዎች ፊት ተደርድረዋል፤ ክብ ዓርማው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከሦስቱ ከተሞች የመጣው ዕቃ በሦስት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የሴቶች ማኅበሩ ሰብሳቢ ንግግር አትወድም፤ «እንጀምር» አለችና ራሷ ተነሥታ ክፈፍ ከዚህ፣ ማግኔት ከዚያ፣ ዲስክ ከወዲያ እያነሣች ደባለቀችው። ወጣቶቹ ገጣጠሙት። በመሞከሪያ ሞተር አዞሩት። ሳይገጭ ዞረ፤ የተሰቀሉት አምፖሎች ቦግ አሉ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ጭብጨባ ተሰማ። እትዬ አላጨበጨቡም፤ የቀሚሳቸውን ጠርዝ ጨብጠው ያዳምጣሉ።

ሦስተኛው ክርርር አለ።

በራው ወደ እትዬ ዞረ፤ እትዬ ወደ በራው ዞሩ፤ «አንተ!» ሊሉት አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። አስተባባሪዋ ማሽኑን አስቁማ ፈታችው፤ ዲስኩን ለካች፤ ልክ ነው። ማግኔቶቹን አየች፤ ልክ ናቸው። ከዚያ በጣቷ የክፈፉን መቀመጫ ዳበሰች።

«ይሄ ቀለም ነው?»

የሦስተኛው ከተማ አናጢ ከኋላ ወንበር እየተቁለጨለጨ ተነሣ። «ሁለት ጊዜ ደረብኩበት» አለ። «ቦርዱ ይመጣል ስላሉ፣ እንዲያምር ብዬ...»

መጀመሪያ የሳቀችው ሰብሳቢዋ ናት። አስተባባሪዋ ቀለሙን በምላጭ ፋቀችው፣ መልሳ ገጠመችው፣ አዞረችው። አምፖሎቹ በሩ። ከውኃ ማኅበሩ አንድ አዛውንት ግን ጣታቸውን አነሡ። «ይሄ ጉድለት ተብሎ መያዝ የለበትም ወይ?» አሉ።

«ይያዝ» አለች ሰብሳቢዋ። «በምላጭ የሚድን ጉድለት ነው። ከውጭ ያስመጣነው የተበላሸ ጊዜ ለመፍታት እንኳ በደብዳቤ ፈቃድ ስንጠይቅ አልነበረም?» አዛውንቱ ጣታቸውን አወረዱ። የቀሩት ማሽኖች ሁሉ ተደባልቀው ተሞከሩ፤ ሁሉም ዞሩ። ትእዛዙ ለሦስቱ ከተሞች ሆነ።

በዚያው ዕለት ልጃቸው ደወለ። «እማዬ፣ እንግዲህ ዓመቱ እያለቀ ነው። መቼ መጥቼ ልውሰድሽ?»

«ክፍሉን አከራየው።»

«መጋረጃውስ?»

«ከነመጋረጃው!» አሉት እትዬ።

ሱቋ ጠበበች። ከሴቶች ማኅበሩ ሁለት ሴቶች መጥተው አብረዋቸው ይጠመጥማሉ፤ ድመቷ ወደ ጎማ ጠጋኙ ተመልሳለች። ከሦስቱ ከተሞች የወጡት ማሽኖች በየመንደሩ ተተከሉ፤ ከእያንዳንዱ ጋር የመለዋወጫ ጥቅል የያዘ አንድ ሳጥን ይሄዳል፤ በየመንደሩም አንድ ሰው እንዴት እንደሚቀየር ይማራል። እትዬ እንዲህ ባለ ሥራ ተወጥረው አያውቁም። እንዲያም ሆኖ ነገሩን ሁሉ የሚያውቁት እሳቸው እንደሆኑ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ስልኩ የሚጮኸው እሳቸው ዘንድ እንደሆነ በልባቸው ያምኑ ነበር። ይህን እምነት የነካው አልነበረም።

በሚቀጥለው ክረምት መውጫ ላይ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት መብራቱ ጠፋ የሚል ወሬ አንድ ሾፌር ይዞላቸው መጣ። እትዬ ዘለው ተነሡ። መሣሪያቸውን ከረጢት ውስጥ ከተቱ፣ የሥራ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው የመንገድ ጫማቸውን አደረጉ። ከመውጣታቸው በፊት፣ መጣሁ ለማለት ደወሉ። አንዲት ወጣት ሴት አነሣች።

«መብራታችሁ ጠፋ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ጠፍቶ ነበር። አሁን ግን መጥቷል።»

«ማን ሠራው?»

«ወጥ ቤት የምትሠራዋ ናት። እሷ ሠልጥና የለ? ጥቅል ተቃጥሏል አለችና ከሳጥኑ አንዱን አውጥታ ቀየረችው። ምሳም አልዘገየብን።»

«አልጋለም? እጃችሁን አስጠግታችሁ አይታችኋል?»

«ኧረ ምንም አልሆነ።»

«የየትኛው ሱቅ ጥቅል ነው የገባው?»

«እሱን እንጃ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው እኮ» አለች ልጅቷ። ከዚያ፣ «ይቅርታ፣ ማን ልበል?» ብላ ጠየቀች።

እትዬ ሽቦ ቅር አላቸው። ለምን ይዋሻል፣ በጣም ቅር አላቸው። ስማቸውን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ስማቸውን ቢናገሩ ልጅቷ ምን ታደርገዋለች? መብራቱ በርቷል፤ ምሳ ተበልቷል።

«ማንም አይደለሁ፣ ልጄ። ደኅና መሆናችሁን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ደኅና ነን፣ እናት። ይባረኩ።»

ስልኩን ዘጉ። የመንገድ ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ ከረጢታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ቁጭ አሉ። ሁለቱ ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ያዩዋቸዋል።

«እትዬ፣ አይሄዱም እንዴ?» አለች አንደኛዋ።

«የት?» አሉ እትዬ። «ማን ጠራኝና!»

ይህን ሲሉ ቃሉ ራሳቸውን አሳቃቸው፤ ጎማ ጠጋኙ ምን ተፈጠረ ብሎ በበሩ ብቅ እስኪል ድረስ እያለቀሱ ሳቁ። ከዚያ ጫማቸውን ቀየሩና ፎርማውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።